መግቢያው በነጻ ነበር

አንባቢ ሆይ! ከባሕር ዳር ተነሥተው በመራዊ በኩል ወደ ዳንግላ ሲጓዙ ዱርቤቴን ሳያዩ አያልፉም። በገበያ ቀን የበቆሎና የዳጉሳ ጆንያ የተጫኑ አህዮች በዋናው መንገድ ላይ ከባጃጆች ጋር እየተጋፉ ይሄዳሉ። ባለፈው ሰሞን ከእነዚህ ባጃጆች በአንደኛው ጀርባ ላይ፣ ጠጕሩን እንደ ባሕታዊ ያሳደገ ሰው ሥዕል በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ቀለም ተከቦ አየሁ።

«ይህ ሰው ማን ነው?» ብዬ ነጂውን ጠየቅሁት።

«ቦብ ማርሌይ ነዋ፣ መምህር!» አለኝ።

«የየት አገር ሰው ነው?»

ልጁ ጥቂት አሰበና «የሻሸመኔ መሰለኝ» ሲል መለሰልኝ።

ሣቅሁ። በዚያው ሳምንት ግን የማያስቅ ነገር ገጠመኝ። በማስተምርበት ክፍል ሁለት ተማሪዎች በመቀመጫ ተጣሉና አንደኛው ሌላውን «ዞር በል፣ አንተ ጥቁር!» አለው። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። የተሰደበው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ወደ ኋላ ወንበር ሄደ። የሰደበው ልጅ ራሱ በመልኩ ከእርሱ ብዙም የሚቀላ አልነበረም። እኔም፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ «ዝም በሉ!» ብዬ ወደ ሰሌዳው ከመዞር በቀር አንዳች ነገር አላልሁም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ሁለቱ ነገሮች አልታረቁልኝም። በባጃጁ ጀርባ ላይ ጥቁር ሰው ለጌጥና ለክብር ተለጥፏል፤ በክፍሌ ውስጥ ግን ጥቁር መሆን ስድብ ሆኗል። ለልጆቹ ያልነገርኋቸው ነገር እንዳለ የተሰማኝ ያን ጊዜ ነው። ለእነርሱ ከመንገሬ በፊት፣ ወይም ከነገርኋቸው በኋላ፣ ለእርስዎም ላጫውትዎ ወደድሁ። ነገሩ በዋና ከተማችን ስለ ተደረገ አንድ በዓል ነው።

ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም.

በእኛ በጎጃም ጥር የበዓል ወር መሆኑን ያውቃሉ። በ11 ጥምቀት፣ በ12 ቃና ዘገሊላ፣ በ21 አስተርእዮ ማርያም ይከበራል። በ23 ደግሞ ጎረቤቶቻችን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን ሸልመው በእንጅባራ ሜዳ ይወጣሉ። በእነዚህ በዓላት ሁሉ በር ላይ ቆሞ ትኬት የሚጠይቅ ሰው የለም። የመጣ ሁሉ ባለበዓል ነው።

በ1997 ዓ.ም. ጥር 29 ቀን፣ ዕለቱም እሑድ ወርኃዊው በዓለ ወልድ የሚታሰብበት፣ እንዲሁ ትኬት የማይጠየቅበት ትልቅ በዓል በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ተደረገ። ምክንያቱም ጃማይካዊው ዘፋኝ ቦብ ማርሌይ የተወለደበት 60ኛ ዓመት ነበር። ቦብ ማርሌይ የተወለደው ጥር 29 ቀን 1937 ዓ.ም. ሲሆን፣ በካንሰር ሕመም ያረፈው ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም. ገና በ36 ዓመቱ ነው። የልደቱ መታሰቢያ በየዓመቱ የሚከበረው በአገሩ በጃማይካ ነበር፤ ከዚያች ደሴት ውጭ ሲከበር ያ የመጀመሪያው ሆነ።

በዓሉን ካሰናዱት ዋናዋ ባለቤቱ የነበሩት ወይዘሮ ሪታ ማርሌይ ናቸው። የአፍሪካ ኅብረትና ዩኒሴፍም ተባባሪዎች ነበሩ። ስሙንም ከዘፈኖቹ ከአንዱ ወስደው «አፍሪካ ዩናይት» አሉት፤ በእኛ ቋንቋ «አፍሪካ ሆይ፣ አንድ ሁኚ» እንደ ማለት ነው። ከሙዚቃው ጋር ወጣቶች ስለ አፍሪካ አንድነት የተወያዩበት ጉባኤም ነበረ። በመድረኩ ላይ የቦብ ማርሌይ ልጆች ተራ በተራ ወጡ። ከቤኒን አንጀሊክ ኪጆ፣ ከሴኔጋል ዩሱ ንዱርና ባባ ማል መጥተው ዘፈኑ። በጊዜው የወጡ ዜናዎች የሕዝቡን ብዛት ከ200,000 በላይ ገምተውታል። ስቴፋኒ ብላክ የተባለች የፊልም ሠሪ ያን ቀን በፊልም አስቀርታዋለች።

ጥቁር ሕዝብ ጥበቡን ይዞ በአንድ ከተማ ሲሰበሰብ ያ የመጀመሪያው አይደለም። ከመጋቢት 23 እስከ ሚያዝያ 16 ቀን 1958 ዓ.ም. በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር የመጀመሪያው የዓለም ጥቁር ሕዝቦች የሥነ ጥበብ በዓል ተደርጓል። ጋባዡ ባለቅኔው ፕሬዚዳንት ሊዮፖልድ ሴዳር ሴንጎር ነበሩ። የአሜሪካው ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራውን ይዞ በዳካር ተጫውቷል፤ እርሱው በ1966 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከእኛው ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ተገናኝቷል። ሁለተኛው በዓል ከጥር 7 እስከ የካቲት 5 ቀን 1969 ዓ.ም. በናይጄሪያ በሌጎስ ተደረገ።

መስቀል አደባባይ ላይ የተደረገው ግን አንድ ቀን ቢሆንም ለእኛ ይቀርበናል። በአደባባዩ ዙሪያ በር የለም፤ የቀን ሠራተኛውም፣ ሊስትሮውም፣ ቆሎ ሻጯም በዚያ ነበሩ። እንዴት አወቅህ ቢሉኝ፣ እኔ በዚያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበርሁ። ነገር ግን በዚያ የነበረ ሰው እዚሁ ዱርቤቴ አግኝቻለሁ።

አረንጓዴው ቁምጣ

ሰውዬው እህል ነጋዴ ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ «አያ» እለዋለሁ። ስሙን እንዳልጽፍ ስለ ለመነኝ ይህ ይበቃል። የቦብ ማርሌይን ነገር ሳነሣበት ሚዛኑን አስቀመጠና ሣቀ።

«እኔ እኮ በዚያ ነበርሁ፣ መምህር» አለኝ። «17 ዓመቴ ነው። ለቀን ሥራ አዲስ አበባ ሄጄ ድንጋይና ሲሚንቶ እሸከም ነበር። አረንጓዴ ቁምጣዬን ገና አልጣልሁም። ጋቢዬም ከትከሻዬ አይለይም። የከተማ ልጆች ‹ፋራ› እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እሑድ ሥራ የለምና ሰዉ ወደ አደባባዩ ሲጎርፍ አይቼ ተከተልሁ። ገንዘብ ይጠይቁኛል ብዬ በኪሴ ያለችኝን ጥቂት ብር ጨብጫለሁ። ፈታሹ ዱላዬን ወሰደና ‹እለፍ› አለኝ። ‹ስንት ነው?› ብለው ‹ነጻ ነው› አለኝ።»

«ዘፈኑ ይገባህ ነበር?» አልሁት።

«ቋንቋው ምን ይገባኛል! ትከሻዬ ግን ገብቶት ነበር።»

ከዚያ በኋላ የነገረኝን ነገር እንዳለ ላስፍርልዎ።

«ጠጕሩ እስከ ወገቡ የወረደ፣ የዋልድባ መናኝ የመሰለ ሰው አጠገቤ ቆሞ እንባው ይወርድ ነበር። በእውነት ባሕታዊ መስሎኝ መስቀል እንዲያሳልመኝ ጎንበስ አልሁ። እርሱ ደግሞ መልሶ ለእኔ ጎንበስ አለ። ሁለታችንም ጎንበስ እንዳልን ቀረን! ከዚያ በኋላ ጋቢዬን በሁለት እጁ ይዞ ጥለቱን እያየ አንድ ነገር ጠየቀኝ። የማን ሥራ ነው ያለ መሰለኝ። ‹እናቴ ፈትላው ነው› አልሁት በአማርኛ። ምን እንደ ተረዳ እንጃ፤ ጋቢውን ሳመው። የገዛ አገሬ ልጅ የሣቀበትን ልብስ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው ሳመልኝ። በማግሥቱ ያንኑ ቁምጣና ጋቢ ለብሼ ሥራ ገባሁ፤ ሲስቁብኝም ግድ አልሰጠኝም።»

ይህን ብሎ ወደ ሚዛኑ ተመለሰ። እኔ ግን በልቤ ጥያቄ ይዤ ሄድሁ። ያ ሰው በአንድ የአቸፈር ልጅ ጋቢ ላይ ያየው ምንድን ነው?

ይህ ፍቅር ከየት መጣ?

በአሜሪካና በካሪቢያን ደሴቶች የሚኖሩ ጥቁሮች አብዛኞቹ በባርነት ተሽጠው ከተወሰዱ አፍሪካውያን የተወለዱ ናቸው። አባቶቻቸው ከየትኛው መንደር እንደ ተወሰዱ የሚነግራቸው የለም፤ ስማቸውም እንኳ የገዢዎቻቸው ስም ነው። ነገር ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ኢትዮጵያ የሚል ስም ያነቡ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የአድዋ ድል በተሰማ ጊዜ ያ ስም በመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ ሳይሆን በምድር ላይ ያለ፣ የአውሮፓን ጦር ያሸነፈ አገር መሆኑን ዓለም ሁሉ ዐወቀ።

ፍቅራቸውም በቃል ብቻ አልቀረም። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወርር፣ ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ አውሮፕላን ነጂ ጆን ሮቢንሰን አስቀድሞ አዲስ አበባ ገብቶ በአየር ኃይላችን ውስጥ ያገለግል ነበር። ከድል በኋላም በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ መጥቶ የእኛን ወጣቶች በረራ አስተማረ። በ1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ምክንያት በዚሁ በአገራችን ሞተ።

በኒው ዮርክም ነሐሴ 19 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የተባለ ማኅበር ተመሠረተ። መሥራቹ በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። ጥቁር አሜሪካውያን፣ ብዙዎቹም ራሳቸው ድሆች ሆነው ሳለ፣ በዚህ ማኅበር ሥር ለማያውቋት አገር ገንዘብ አዋጡ፤ ጋዜጣም አሳተሙ። ዶክተር መላኩ ነጻነትን ሳያዩ በ1932 ዓ.ም. በ40 ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህ ሁሉ ከጎጃም የራቀ ነገር ከመሰለዎ፣ ከዱርቤቴ ተነሥቶ በዳንግላና በእንጅባራ ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም የሚወስደውን መንገድ ያስቡ። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጎጃም በኩል ሲመለሱ፣ ከአርበኞቻችን ጎን ሆነው በቡሬ በኩል እየተዋጉ ያለፉ የሱዳን ወታደሮች ነበሩ። እንግዲህ ጥቁር ወንድም ለነጻነታችን የተዋጋው በራሳችን ደጅ ነው።

ኢትዮጵያም ውለታውን አልረሳችም። በ1940 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጦርነቱ ጊዜ ለረዱን ጥቁሮች መኖሪያ እንዲሆን በሻሸመኔ 5 ጋሻ መሬት ሰጡ። የባጃጁ ነጂ «የሻሸመኔ መሰለኝ» ማለቱ ፈጽሞ ስሕተት አይደለም ያልሁት ስለዚህ ነው። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ የተቀበላቸው ሕዝብ ብዛት ጠባቂ የሚገታው አልነበረም። በጎዳና ቆመው ካዩአቸው አንዷ ወጣቷ ሪታ ማርሌይ ነበሩ። ባላቸው ቦብ በዚያን ጊዜ ሥራ ፍለጋ አሜሪካ ነበር።

ኋላም ቦብ ማርሌይ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ዘርን ከዘር ስለማበላለጥ የተናገሩትን ንግግር ወስዶ «ዋር» የተባለውን ዘፈን ሠራበት። በ1971 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ አዲስ አበባንና ሻሸመኔን አየ። ዚምባብዌ ሚያዝያ 10 ቀን 1972 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ በበዓሉ ላይ ለመዝፈን መሣሪያዎቹን በአውሮፕላን ያስጫነው በራሱ ገንዘብ ነው። ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊትም በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ «ብርሃነ ሥላሴ» ተብሏል።

እነሆ፣ ያ ባለ ረጅም ጠጕር ሰው በጋቢው ላይ ያየው ይህን ሁሉ ነው ብዬ አምናለሁ። የእርሱ አያት ፈትላ የሰጠችውን ልብስ ባርነት ነጥቆታል። የአቸፈሩ ልጅ ግን እናቱ የፈተለችለትን ለብሶ ቆሞ ነበር።

እኛስ ምን አደረግን?

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ለራሳችን የሚመር ነገር አለ። እኛ የሰው መልክ ስንናገር ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን እንለያለን። ይህ ብቻ ቢሆን የቀለም ስም ነው፤ ክፋት የለውም። ነገር ግን «ጥቁር» የሚለው ቃል በቁጣ ሲነገር ከኋላው ሌላ ቃል ተደብቋል። ያም ቃል «ባሪያ» ነው። ከዓባይ ማዶ በባሪያ ፈንጋይ የተያዙ ሰዎች በጎጃም ገበያዎች ይሸጡ እንደ ነበር ታሪክ ይመሰክራል። ባርነት በአገራችን በአዋጅ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ንግዱን አስቀረ፤ ስድቡ ግን እነሆ በእኔ ክፍል ውስጥ ይሰማል።

በሻሸመኔ የሰፈሩት እንግዶችም የገጠማቸው ሁሉ የተመቸ አልነበረም። የገጠር መሬት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን ከተሰጣቸው መሬት ብዙውን አጡ። ብዙዎቹ፣ እዚሁ የተወለዱ ልጆቻቸው ጭምር፣ ለዓመታት የመኖሪያ ወረቀት ሳይኖራቸው ኖረዋል። መንግሥት መታወቂያ እንዲሰጣቸው የተወሰነው በ2009 ዓ.ም. ነው።

ከእነርሱ ጋር በሁሉ ነገር እንስማማለን አልልም። እነርሱ ጃንሆይን እንደ አምላክ ያያሉ፤ ለእኛ ንጉሥ ነበሩ። የሚያጨሱትንም ዕፅ ሕጋችን ይከለክላል። ነገር ግን ዘመድ ከዘመዱ ጋር በሁሉ ነገር ተስማምቶ ያውቃልን? በሠርግና በለቅሶ መገናኘቱ አይቀርም።

«ነጻ» የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው ያለ ክፍያ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ከጌታ እጅ የወጣ ማለት ነው። የመስቀል አደባባዩ በዓል በሁለቱም ትርጉም ነጻ ነበር። ያለ ክፍያ የተገኘ ነገር ሁሉ ግን የሆነ ሰው ከፍሎበታል። የአደባባዩን ወጪ አሰናጆቹ ከፈሉ። ከዚያ በፊት ደግሞ በአድዋ የወደቁት፣ በኒው ዮርክ ከድህነታቸው ያዋጡት፣ በቡሬ መንገድ የተዋጉት ከፍለዋል። ከእኛ የሚፈለገው ትኬት አይደለም፤ ልጆቻችን ይህን እንዲያውቁ ማድረግ ብቻ ነው።

በእኛ ግቢ

በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ገብቼ ይህንኑ ሁሉ ነገርኋቸው። አስቀድሜም በዚያ ቀን ዝም ማለቴ ጥፋት እንደ ነበር ተናገርሁ። የአረንጓዴውን ቁምጣ ታሪክ ስነግራቸው ሣቁ፤ ጋቢው ተሳመ ስል ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ የተሰደበው ልጅ ከኋላ ወንበር እጁን አነሣ።

«መምህር፣ በዚያ አደባባይ የነበሩት ሰዎች ጥቁር ሲባሉ አያፍሩም ነበር?»

«የመጡት በዚያ ስም ለመጠራት ነው» አልሁት።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ተስማማን። ጥር 29 ቀን ከሰዓት በኋላ በግቢያችን ትንሽ በዓል እናደርጋለን። ትልቅ ባንድ የለንም፤ ድምፅ ማጉያም ከተገኘ በውሰት ነው። ነገር ግን ዋሽንት የሚነፋ፣ ማሲንቆ የሚመታ፣ ቅኔ የሚዘርፍ፣ ሥዕል የሚሥል አይጠፋም። ያ የተሰደበው ልጅ በክረምት ከብት ሲጠብቅ ዋሽንት እንደ ተማረ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ስለ አድዋና ስለ ጆን ሮቢንሰን አጭር ንግግር የሚያደርጉ ሁለት ልጃገረዶች ተመርጠዋል። እህል ነጋዴውን አያንም ጋብዘነዋል፤ ጋቢውን ለብሶ እንደሚመጣ ቃል ገብቷል።

የሰደበው ልጅ እስካሁን ይቅርታ አልጠየቀም። እኔም አላስገደድሁትም፤ በግድ የሚባል ይቅርታ ምን ይረባል? ነገር ግን ከክፍሉ የእጅ ጽሕፈቱ የሚያምረው እርሱ ስለሆነ ማስታወቂያውን እንዲጽፍ ሰጠሁት። ትናንት አምጥቶ አሳየኝ። ከላይ «የጥቁር ሕዝብ የጥበብ በዓል» ብሎ በትልቁ ጽፏል፤ ከሥርም የዋሽንት ነፊውን ስም ከሁሉ አስቀድሞ አስፍሯል። ከሁሉ በታች ያለውን መስመር እኔ አልነገርሁትም፤ ራሱ ጨምሮታል።

«መግቢያ በነጻ ነው።»

እርስዎም በዚያ ቀን በዱርቤቴ በኩል የሚያልፉ ከሆነ ጎራ ይበሉ።